ተሳቢውን ማን ይየው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቲሊሊን አልፎ፣ የዘንገናን ሐይቅ ታክኮ እንጅባራ ይገባል። እዚያ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ ታጥፎ በቻግኒ አድርጎ ወደ መተከል ቆላ፣ ከዚያም እስከ ጉባ ይወርዳል። መገናኛው ላይ ጥቂት ለቆመ ሰው የጭነቱ ዓይነት ብዙ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ማዳበሪያና ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ከቆላው ዳገቱን የወጣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ፣ ከፋግታ ለኮማ ከካሶኒው በላይ የተቆለለ ከሰል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከኋላቸው ተሳቢ አላቸው።

ሰው የሚያየው ግን ፊቱን ነው። ጋቢናው ይታጠባል፣ መስታወቱ ይወለወላል፣ ግንባሩ ላይ ጥቅስ ይጻፍበታል። ሞተሩ ድምፁን ትንሽ ቢቀይር ሾፌሩ ወዲያው ያውቃል። ተሳቢው ሞተር የለውም፤ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ዘይት ቀንሷል ብሎ መብራት አያበራም። ኩሽኔታው ሲደርቅ፣ የፍሬን ሸራው ሲያልቅ፣ ከጥንዱ ጎማ አንዱ ሲተነፍስ፣ አሥራ ምናምን ሜትር ከፊት ለተቀመጠው ሾፌር የሚደርሰው ነገር የለም። ጉድለቱ ራሱን የሚገልጠው አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያደርጉት ይጠፋል። ስለዚህ ተሳቢ ከመነሳቱ በፊት ዞሮ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው በአገራችን መንገድ ላይ ረዳቱ ነው፤ እኔም ይህን የምጽፈው ለተሳቢው ያህል ለረዳቱ ስል ነው።

ተሳቢ ስንል ሁለት ዓይነት ነገር እንላለን። አንደኛው ከፊትም ከኋላም አክስል ያለው፣ በሙሉ ጭነት መኪና ኋላ በመጎተቻ ዘንግ የሚታሰረው ነው። መኪናው ለብቻው፣ ተሳቢው ለብቻው ይጭናሉ፤ አንድ ላይ ሆነው እስከ 400 ኩንታል ይሸከማሉ። ሁለተኛው ከፊቱ ጎማ የሌለው፣ ፊቱን ጎታቹ ጀርባ ላይ አሳርፎ የሚሄደው ግማሽ ተሳቢ ነው። ሃይቤድና ሎቤድ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ዘንጉ ከመኪናው ጋር በሚጋጠምበት እና የፊት አክስሉን በሚያዞረው ክብ ብረት ላይ። ሁለተኛው የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መታጠፊያው በበዛ ቁጥር ወደ ኋላ መመለሱ ይከብዳል፣ ጅራቱ ይወዛወዛል፣ የሚበላውና የሚላላውም ክፍል ይበዛል። ዘንግ ያለውን ተሳቢ በግማሽ ተሳቢ እንተካ የሚለው ሐሳብ በመንግሥት በኩል ቀርቦ ባለንብረቱን ሁሉ ያነጋገረው በደኅንነቱ ምክንያት ነበር። እኔ በበኩሌ ሁለቱም በአግባቡ ከተያዙ ሠርተው ይገባሉ፣ ሁለቱም ካልተያዙ ይገድላሉ ባይ ነኝ።

ከተሳቢ ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው። ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ፊያት ከነተሳቢው የአሰብን መንገድ ለብዙ ዓመታት አመላልሷል። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አምቼ ከባድ መኪኖችን እየገጣጠመ ሲያወጣ ቆይቷል፤ መቀሌ ያለው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግም ተሳቢ በመሥራት ይታወቃል። ሕጉም ቢሆን ተሳቢን የመኪና ጭራ አድርጎ አያየውም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ባቆመው ሥርዓት ተሳቢ ሰሌዳ ይለጠፍበታል፣ ይመዘገባል፣ በየዓመቱም ይመረመራል።

ተሳቢን የሚፈትነው መሬቱ ነው። እንጅባራ ወዳለችበት ወደ አዊ ዞን የሚመጣ ጭነት አስቀድሞ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። ጎሐ ጽዮን 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ባለ 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይ ያለው 1050 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ተመልሶ እስከ ደጀን ይወጣል። እንጅባራ ደርሶ የቻግኒን መንገድ ለሚይዝ ደግሞ ሌላ ቁልቁለት አለ። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ቻግኒ ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ ወደ 1600 ሜትር ላይ ትገኛለች።

ይህ የከፍታ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። 400 ኩንታል ጭነት ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ የመኪናውን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር፣ ከ15 ሊትር በላይ ናፍጣ ቢነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ይህ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። ከባድ ማርሽና ሞተር ፍሬን ከፊሉን ያነሳሉ፤ የተረፈውን የሚሸከሙት የፍሬን ሸራና ታምቡር ናቸው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ሁሉንም ታምቡሩ ላይ ይጥለዋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዙን ይተዋል። ፔዳሉ ተረግጧል፣ አየሩም አለ፣ መኪናው ግን አይቆምም። ከአደጋ በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ሲባል ሁልጊዜ የተበጠሰ ነገር ኖሮ አይደለም።

የተሳቢው ፍሬን ደካማ ሲሆን ደግሞ የፊተኛው መኪና የሁለቱን ሥራ ብቻውን ይሠራል። ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል። ቀጥታ መንገድ ላይ ግፊያው ወደፊት ነው፤ ኩርባ ላይ ግን ወደ ጎን ይሆንና መኪናውንና ተሳቢውን ያጣጥፋቸዋል። ሸራ ይቆጥብልኛል ብሎ የተሳቢውን ፍሬን የሚያላላ ሰው አለ። አንዱ ጎማ ፍሬን ይዞ አልለቅ ሲለው የዚያን ጎማ የአየር ቱቦ አጥፎ በሽቦ አስሮ የሚሄድም አለ። ጎማው ይዞራል፣ ጉዞው ይቀጥላል፣ ያ ጎማ ግን ከዚያ ወዲያ ፍሬን የለውም። እንዲህ የታሰረ ቱቦ ይዞ የዓባይን በረሃ መውረድ በሰው ነፍስ መቆመር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የተሳቢ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፍተሻውን ቀላል ያደርገዋል። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦዎችና የመብራት ገመድ ይሻገራሉ። በአውሮፓ ሥርዓት በተሠሩት ላይ አንዱ ቱቦ ቀይ፣ ሌላው ቢጫ ነው። ቀዩ ሁልጊዜ አየር አለበት፤ በተሳቢው ሆድ ሥር ያለውን የአየር ታንክ የሚሞላው እሱ ነው። ቢጫው አየር የሚያገኘው ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው፤ ሥራው ትእዛዝ ማድረስ ነው። ትእዛዙ ሲደርስ በታንኩ የተጠራቀመው አየር ወደየጎማው ሄዶ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ቀዩ ቱቦ ይነቀላል፤ በዚያው ቅጽበት ተሳቢው ላይ ያለው ቫልቭ የአየሩን መጥፋት ለይቶ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ወደ ፍሬኑ ይሰድዳል። ተሳቢው ማንም ሳይነካው ይቆማል ማለት ነው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ታንኩ አየር ካለው፣ ቫልቩ በዝገትና በጭቃ ካልተያዘ፣ ሸራውም ካላለቀ ነው።

ሙከራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል፣ አየሩ እስከ 8 ባር ገደማ ይሞላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ቀዩ ቱቦ ሲነቀል የተሳቢው ፍሬን ወዲያው መያዝ አለበት። ካልያዘ ጉዞ የለም። ቱቦው ተመልሶ ከተሰካ በኋላ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ይቆያል፤ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ከአክስል አክስል እየሄደ ያዳምጣል። የሚያፏጭ ነገር ከሰማ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ያፈስበታል፤ አረፋ ከሠራ አየሩ የሚወጣው እዚያ ነው። በዚያው ዙር እያንዳንዱን ፍሬን የሚገፋው ዘንግ ምን ያህል እንደሚወጣ ማየት ይገባዋል። ከሌሎቹ ረዝሞ የሚወጣ ካለ ሸራው ተበልቷል ወይም ፍሬኑ ላልቷል፤ መጥበቅ አለበት።

በታንኩ ታች አንዲት ማፍሰሻ አለች። ብዙ ሰው ይረሳታል። ኮምፕሬሰሩ ከአየሩ ጋር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ታንኩ ውስጥ ይቀመጣል። እንጅባራ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዷ ናት፤ ክረምቱ ረጅም፣ ጉሙ ወፍራም፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። እዚህ ያደረ ተሳቢ ጠዋት ማፍሰሻው ሲሳብ ውሃ ጢስ እያለ ይወጣል። ያ ውሃ ባይወጣ ቫልቮቹን ያዝጋል፣ ለአየሩ የነበረውንም ቦታ ይወስዳል። የወጣውን ውሃ ቀለም ማየትም ጥሩ ነው፤ ዘይት የተቀላቀለበት ጥቁር ውሃ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ዘይት መወርወር ጀምሯልና መካኒክ ይየው።

ስለ ማደር ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ማታ በአየር የያዘ ተሳቢ ሌሊቱን አየሩ ሲሾልክ አድሮ ጠዋት ለቅቆ ሊገኝ ይችላል፤ በተለይ ፍሬኑን በጠንካራ ሽቦ ጥምዝ የሚይዝ ክፍል ያልተገጠመላቸው አሮጌዎቹ። አየሩን ብቻ አምኖ ዳገት ላይ ተሳቢን ፈትቶ መሄድ አይገባም። የእጅ ፍሬኑ ይጠመዘዛል፣ ታኮም ይደረጋል፤ ሁለቱም።

የጠዋቱን ዙር በቅርበት እንየው። ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ ሰማዩ ገና አልነጣም። ረዳቱ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው አጭር ብረት ይዞ ከጎታቹ ግራ ጎማ ይጀምራል። እያንዳንዱን ጎማ በብረቱ ይመታል፤ አየር የሞላው ጎማ ብረቱን አንጥሮ ይመልሰዋል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የተነፈሰው ብረቱን ይውጠዋል። ከጥንዱ ጎማ ውስጠኛው በዓይን በደንብ ስለማይታይ ብረቱ ፈጥኖ ይጠቁማል፤ ልኩን የሚናገረው ግን የግፊት መለኪያ ነው። ጥሩ ረዳትና ጥሩ ሾፌር የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፦

«ጋሼ፣ የኋላ ግራ ውስጠኛው ደክሟል።»

«ውጭኛውስ?»

«እሱ ደኅና ነው።»

«እሱ ለብቻው አይችለውም። ክሪኩን አውጣ፣ ጎሚስታው እስኪከፍት እንፍታው።»

ሾፌሩ ልክ ነው። ከጥንዱ አንዱ ሲደክም ሌላው የሁለቱን ጭነት ይሸከማል፤ የደከመው ደግሞ እየተጣጠፈ ይሞቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይፋተጋል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል ወይም ይነድዳል። የጎማ ግፊት የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በረሃ ውስጥ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ያን አይቶ ማስተንፈስ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ደጋ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጎማው ከሚገባው በታች ይሆናል። በጥንዱ መሐል የተሰነቀረ ድንጋይም ካለ በብረቱ ይፈለቀቃል። በፍጥነት ላይ ተስፈንጥሮ ከወጣ ከኋላ ለሚመጣው ባጃጅ ጥይት ነው።

ከጎማው ወደ ዳዶው። የላላ ዳዶ ምልክት ይሰጣል፤ ከሥሩ ቸርኬው ላይ ወደ ውጭ የተሰመረ ቀይ የዝገት ጭረት ይታያል። ጎማ ተቀይሮ ከሆነ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቃሉ፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ጥቂት ተጉዞ ይቀመጣልና። ባሌስትራው ላይ የተሰበረ ቅጠል ይፈለጋል፤ አዲስ ስብራት አንጸባራቂ ነው፣ አሮጌው ዝጓል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ቡሎን ከላላ አክስሉ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ተሳቢው ከመኪናው ዱካ ወጥቶ በሰያፍ ይጎተታል። ከኋላ የሚከተል ሰው ያየዋል፤ ሾፌሩ ግን በመስታወት ካላስተዋለ አያውቅም።

ከእንጅባራ የተነሳ መኪና ዳንግላ ሲደርስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ሻይ ለመጠጣት ሲቆም ረዳቱ የእጁን ጀርባ ወደየጎማው ሞዞ እያስጠጋ ቢዞር መልካም ነው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ካቃጠለ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል፣ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁሉም ሞቀው አንዱ ብቻ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የሚጠረጠረው ቀዝቃዛው ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ኩሽኔታን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ስሌት ይበቃዋል። ከጅቡቲ እንጅባራ ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዙሪያው 3 ሜትር ተኩል የሆነ ጎማ ያን ለመጨረስ 370 ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ከነጭነቱ።

ጎታቹንና ተሳቢውን አንድ ያደረጋቸው አንድ ፔርኖ ነው። ዘንግ ባለው ተሳቢ ላይ ፔርኖው የሚገባው ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ወፍራም የብረት ቀለበት ውስጥ ነው። በተነሳና በቆመ ቁጥር ሁለቱ ይፋጫሉ፤ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ፔርኖው ይቀጥናል፣ ሲነሳና ሲቆም የሚሰማው ኳኳታ ይበረታል። ኳኳታውን መልመድ አደጋ ነው። በግማሽ ተሳቢ ላይ በብዛት የሚገኘው ፔርኖ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 49 ሲደርስ መቀየር አለበት። 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ልዩነት ናት፣ በዓይን አትያዝም፤ በመለኪያ ነው የምትታወቀው። የተሰነጠቀ ዘንግን መንገድ ዳር በኤሌክትሮድ አስበይዶ ቀለም ቀብቶ መቀጠል ከሁሉ ይከፋል፤ ብየዳው የነካው ብረት ባሕርይው ይለወጣል፣ ቀጣዩ ስንጥቅ ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል፣ ቀለሙ ደግሞ ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በያጁ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ከፋብሪካው መመሪያ ውጭ መደረግ የለበትም።

ተሳቢ ታስሮ ሲያበቃ መቆለፉ ይሞከራል። የተሳቢው ፍሬን ይያዛል፣ ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ በቀስታ ሳብ ያደርጋል። ካልተላቀቀ ወርዶ የፔርኖው መቆለፊያ ቦታው መግባቱን በባትሪ ያያል። መሞከሩ ማየትን አይተካም፤ ማየቱም መሞከርን።

አዊ ላይ የጭነቱ ጠባይም ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው እርሻው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱን ደግሞ ያርሳል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ በከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። ከሰል ቀላል ነው፤ ቦታ እንጂ ሚዛን አይሞላም። ስለዚህ ጫኚው ወደ ላይ ይቆልላል። ሚዛኑ ከሲሚንቶ ያነሰ ቢሆንም ቁመቱ ስለሚበዛ ኩርባ ላይ ተሳቢውን ወደ ጎን የሚጥለው ከሰሉ ነው። ነፋስም ይገፋዋል። ሲሚንቶ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ግን ከኋላ ብቻ ከበዛ የግማሽ ተሳቢውን ፊት ያነሳዋል፣ ከፊት ብቻ ከበዛ ጎታቹን ይጫነዋል። የማሰሪያ ገመድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ይላላል፤ ጆንያው እየተንቀጠቀጠ ይሰምጣልና። አዲስ ቅዳም ላይ የጫነ መኪና ዳንግላ ላይ ገመዱን ዳግም ቢያጠብቅ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በሰላም ይሄዳል።

መንገዱ የመኪና ብቻ አለመሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል። እንጅባራና ዳንግላ ጋሪ የሚበዛባቸው ከተሞች ናቸው፤ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ የገበያ ሰው፣ ከብቱ ሁሉ በዚያው አስፋልት ዳር ይሄዳል። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። መገናኛው ጠርዝ ላይ የቆመ ባለጋሪ ጎታቹ ሲያልፈው ተርፌያለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የሚደርስበት ተሳቢው ነው። ጉም በወረደበት ጠዋት የተሳቢው ኋላ መብራት፣ ስቶፕና ፍሬቻ ካልሠራ፣ አንጸባራቂውም በጭቃ ከተሸፈነ፣ ከኋላ ለሚመጣ ሚኒባስ ያ ሁሉ ብረት የለም። ጨርቅ አርሶ መብራትና አንጸባራቂን መጥረግ ሁለት ደቂቃ ነው። የመብራት ገመዱ ሶኬት ውስጥ ውሃ ከገባ ፍሬቻው ሲበራ ስቶፑም አብሮ ብልጭ ይላል፤ ያን ያየ ረዳት ሶኬቱን ያድርቅ።

ስለ ድንጋይም ዝም ማለት አልችልም። ዳገት ላይ የተበላሸ መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ ተጠግኖ ሲነሳ ድንጋዩ እዚያው አስፋልት ላይ ይቀራል። ማታ ሞተር ሳይክል የያዘ ወጣት የሚወድቀው በዚያ ድንጋይ ነው። ታኮ መያዝ የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ድንጋይ የተጠቀመም ቢሆን ሳያነሳው ጋቢና መውጣት የለበትም።

ይህን ሁሉ የዓመቱ ምርመራ አይሠራውም ወይ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ቦሎ በዓመት አንዴ ነው፤ የፍሬን ሸራ በወራት ያልቃል፣ አየር በሌሊት ይወጣል፣ ዳዶ በአንድ ቀን ይላላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድንም ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ነው። በምርመራውና በአደጋው መካከል ባሉት ቀናት ሁሉ ተሳቢው ያለው በረዳቱ እጅ ነው።

ረዳቱ ግን ማን ነው? ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ይሠለጥናል፣ ይፈተናል። ረዳቱ ሥራውን የሚማረው መንገድ ላይ ነው፤ ጥሩ ሾፌር ካገኘ ጥሩ ይማራል፣ ካላገኘ ቱቦ አጥፎ ማሰርን ይማራል። ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያለብሳል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይነሳል፤ ክፍያው ግን ከሁሉም ያንሳል። ያየውን ጉድለት ሲናገርም «አንተ ምን አገባህ፣ ንዳ ከተባልን እንነዳለን» ይባላል። አዊ የፈረስ አገር ነው። ጥር 23 ቀን ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ የሚወጣ ፈረሰኛ እርካብ ከመርገጡ በፊት የኮርቻውን ጠፍር በእጁ ያያል፤ ልጁ «ላልቷል» ካለው ወርዶ ያጠብቃል እንጂ አይቆጣውም። ለተሳቢው የምንፈልገውም ያንኑ ጥንቃቄ ነው፤ ላልቷል የሚለውን ሰው መስማት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። እንጅባራና ዳንግላ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለረዳቶች አጭር ሥልጠና ይክፈቱ፤ የአየር ፍሬን፣ ጎማና ሞዞ፣ መጋጠሚያ፣ ጭነት ማሰር። መምህሩም፣ መለማመጃ የሚሆነው መኪናም በደጃቸው ያልፋል። ሾፌሮች ረዳቱ «አንነሳም» ሲል ወርዳችሁ እዩ፤ ካያችሁ በኋላ ውሳኔው የእናንተ ነው፣ ሳታዩ ግን አትወስኑ። ባለንብረቶች ደግሞ ለጠዋቱ ዙር ግማሽ ሰዓት ፍቀዱ፣ ዕቃውንም ግዙ። ሁለት ታኮ፣ አንድ የጎማ ግፊት መለኪያ፣ አንድ የግራሶ ፓምፕ፣ አንድ ጥሩ ባትሪ፣ የሳሙና ውሃ በጀሪካን፤ ሁሉም ተደምሮ የአንድ አዲስ የከባድ መኪና ጎማ ዋጋ አይሞላም። ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ገዝታችሁ ለረዳቱ ስጡት።